በ200 ዶላር ከበረዶ በታች ማየት፦ የፊሽ ፋይንደር ፍለጋ ማስታወሻ

ከታንክስጊቪንግ በኋላ

ሐይቆቹ ገና አልረጉም። ዳር ዳሩን ስስ በረዶ ይዞታል፤ መሐሉ አሁንም ውኃ ነው። እዚህ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ፣ በእግር የሚረገጥ በረዶ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር ውስጥ ነው። እስከዚያ ልጨርሰው የምፈልገው ሥራ አለ፤ ለበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ የሚሆን፣ በእጅ የሚንጠለጠል፣ ኪስ የማይጎዳ ፊሽ ፋይንደር፣ ማለትም ውኃ ውስጥ ያለውን ዓሣ በድምፅ ፈልጎ የሚያሳይ ማሽን፣ መርጦ ማዘጋጀት። ባትሪውንም ጨምሮ ከ200 ዶላር ማለፍ አልፈልግም።

ሂደቱን የምጽፈው ጥያቄው ስለሚደጋገም ነው። ሥራ ቦታም ይሁን ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ "እኔም ዘንድሮ ልሞክር ነው፤ የቱን ልግዛ?" የሚለኝ ሰው አላጣም። መልሱ በማሽኑ ስም አይጀምርም። የት ነው የምታጠምዱት? ምን ያህል ጥልቀት ላይ? በምን ትሄዳላችሁ? ከዚያ ነው የሚጀምረው።

የእኔን ልናገር። ፒክአፕ የለኝም። በረዶ ላይ የሚተከል ቤትም የለኝም። በእጅ የሚዞር ባለ 6 ኢንች የበረዶ መሰርሰሪያ፣ ዕቃ ጭኜ በረዶ ላይ የምጎትተው የፕላስቲክ ስሌድና ባለ 5 ጋሎን ባልዲ አለኝ። የምሄደው እዚሁ ከተማው ውስጥና ዙሪያው ወዳሉ ሐይቆች ነው፤ ፌለን፣ አልፎ አልፎም ፕሊመዝ ወዳለው ሜዲሲን ሌክ። የማጠምደው ክራፒ፣ ብሉጊልና ፐርች ነው። ትንንሽ ዓሦች ናቸው፤ መጥበሻ ላይ ግን የሚወዳደራቸው የለም። የምቀመጠው ባብዛኛው ከ10 እስከ 25 ጫማ ጥልቀት ላይ ነው።

ስለዚህ የምፈልገው ማሽን እዚያ ጥልቀት ላይ የራሴን ትንሽ መንጠቆ ማሳየት አለበት። ዓሣ ወደ መንጠቆው ሲጠጋ ያኔውኑ ማሳየት አለበት፤ ዘግይቶ አይደለም። ብርድ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ መቆየት አለበት። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ዲሴምበር መጀመሪያ፣ ገና ወረቀት ላይ

የካርቶን ጽሑፍ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ርካሾቹ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ጥልቀት ነው። "328 ጫማ ድረስ ያነባል" ይላሉ። ለምን ይጠቅመኛል? ሚል ላክስ የሚባለው ሐይቅ ከሚኒሶታ ትልልቆቹ አንዱ ነው፤ የመጨረሻው ጥልቀቱ ግን 42 ጫማ ገደማ ነው። ለጥልቀት ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። እዚህ አካባቢ ማንኛውም ማሽን ወለሉን ያገኘዋል።

ትልቁ ጉዳይ የድምፁ ስፋት ነው። ፊሽ ፋይንደር የሚሠራው እንደ ገደል ማሚቶ ነው። ውኃ ውስጥ የሚገባው ክፍል፣ ትራንስዱሰር የሚሉት፣ አጭር ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ወለሉን ወይም ዓሣውን መትቶ ይመለሳል። ማሽኑ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ርቀቱን ይነግራችኋል። ወደ በረዶነት የተጠጋ ውኃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,400 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ 10 ሜትር ወርዶ ለመመለስ ከሰከንድ መቶኛ ብዙም አይበልጥበትም። ፍጥነቱ ከውኃው በኩል ችግር የለበትም ማለት ነው። የሚዘገየው የማሽኑ ስክሪን ነው።

ድምፁ ደግሞ ቀጥ ብሎ እንደ ክር አይወርድም። እየሰፋ ይሄዳል፤ ቅርጹ ሾጣጣ ነው። የሾጣጣው ማዕዘን 20 ዲግሪ ከሆነ፣ 20 ጫማ ታች ላይ የሚሸፍነው ክብ 7 ጫማ ስፋት ይኖረዋል። 9 ዲግሪ ከሆነ 3 ጫማ ገደማ ነው። ርካሾቹ ላይ የሚበዛው 45 ዲግሪ ነው፤ እሱ እዚያው ጥልቀት ላይ ከ16 ጫማ በላይ ይሸፍናል። ሰው ሰፊውን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ብዙ ዓሣ ያሳየኛል ብሎ። ግን ማሽኑ የሚነግራችሁ ርቀቱን እንጂ አቅጣጫውን አይደለም። 8 ጫማ ወደ ጎን ያለ ዓሣ እና መንጠቆዬ ሥር ያለ ዓሣ ስክሪኑ ላይ ልዩነት የላቸውም። መድረስ የማልችለውን ዓሣ እያየሁ ስጠብቅ እውላለሁ።

ሌላም አለ። ወለሉ ተዳፋት ከሆነ፣ ሰፊው ድምፅ ከፍ ያለውን ጎን ቀድሞ ይመታና "ወለሉ እዚህ ነው" ይላል። ከዚያ በታች፣ በዝቅተኛው በኩል ያለ ዓሣ ከነጭራሹ አይታይም። ፐርች ደግሞ ወለሉን ታክኮ ነው የሚሄደው። ለእኔ ጠባብ ይሻለኛል። ከ20 ዲግሪ በላይ አልፈልግም ብዬ ወስኛለሁ።

ስስ በረዶ፣ የመጀመሪያው ሙከራ

ፌለን ረግቷል። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት፣ ዲኤንአር፣ በእግር ለሚሄድ ሰው ቢያንስ 4 ኢንች አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል ይላል። ነጭ ነጭ የሚለው፣ ስኖው ተቀላቅሎበት የረጋው፣ ጥንካሬው ግማሽ ያህል ስለሆነ እጥፍ ውፍረት ይጠይቃል። የብረት ዘንጌን ፊት ፊት እየወጋሁ፣ ከዳር ሳልርቅ ነው የሄድኩት። አንገቴ ላይ ሁለቱን የበረዶ መጨበጫ ሹሎች፣ በረዶው ቢሰበር ወግቶ ለመውጣት የሚረዱትን፣ ሳላንጠለጥል አልወጣም። እናንተም አትውጡ። ፊሽ ፋይንደር ከነሱ በኋላ የሚገዛ ዕቃ ነው።

ከሥራ ባልደረባዬ የተዋስኩትን በእጅ የሚያዝ ትንሽ ማሽን ሞከርኩ። ከ60 ዶላር በታች የሚሸጠው ዓይነት ነው፤ መዳፍ የሚያህል፣ በሽቦ የተያያዘ ክብ ትራንስዱሰር ያለው፣ በአራት ትንንሽ ባትሪ የሚሠራ።

ሙከራው ቀላል ነው። ጂጉን፣ ማለትም ራሱ ላይ ክብደት ያለበትን ትንሽ መንጠቆ፣ በቀዳዳው ቀስ አድርጌ አወርዳለሁ። ማሽኑ ሲወርድ ማሳየት አለበት። ሳቆመው ማቆም፣ ሳነሳው መነሳት አለበት። ሱቅ ውስጥ የትኛውም ሻጭ ከሚነግራችሁ ይልቅ ይቺ ሙከራ ትበልጣለች።

አላሳየም። ወለሉን በትክክል አነበበ፤ 14 ጫማ፣ በክር ስለካውም ያው ነው። ጂጉን ግን ከላይ እስከ ታች አላየውም። በምትኩ የዓሣ ሥዕል ብቅ ጥልቅ ይላል። ያ ሥዕል የማሽኑ ግምት ነው። ከወለሉ ከፍ ብሎ ድምፅ የመለሰለት ነገር ካለ ዓሣ ብሎ ይስለዋል፤ ሣርም ሊሆን ይችላል፣ የአየር አረፋም።

ዕቃው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ጥልቀት ለማወቅ በቂ ነው፤ ጥልቀት ማወቅ ደግሞ የሥራው እኩሌታ ነው። በጀታችሁ 50 ዶላር ብቻ ከሆነ ይህንን ገዝታችሁ የዓሣውን ሥዕል አጥፉትና እንደ ጥልቀት መለኪያ ተጠቀሙበት። ባትሪውን ግን በሊቲየም ቀይሩት። ተራው አልካላይን ብርድ ላይ ቶሎ ነው የሚደክመው።

በስልክ የሚሠራው

አንድ ጓደኛዬ ትንሽ ኳስ የምታህል ሶናር፣ ማለትም ያው በድምፅ የምታይ መሣሪያ፣ አለው። ውኃው ላይ ትንሳፈፋለች፤ የራሷን ዋይፋይ ትለቅና ሥዕሉን ስልክ ላይ ታሳያለች። ኢንተርኔት አትፈልግም። በበጋ ከዳር ሆኖ ወርውሮ የሐይቁን ወለል ለመሳል ድንቅ ናት። ጂጉንም አሳይታናለች፤ እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም።

በረዶ ላይ ግን ችግሩ ስልኩ ነው። የአይፎን መመሪያ ራሱ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ተጠቀሙበት ነው የሚለው። እኛ የወጣነው ከዜሮ በታች 12 ሆኖ ነው። ስክሪኑ ሙሉ ብርሃን ላይ ስለሆነ ቻርጁ በዓይናችን እያየነው ወረደ፤ ከዚያ ስልኩ ጥርቅም አለ። በረዶ ላይ ስልክ የዓሣ ማያ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ቢፈጠር 911 የምትደውሉበት እሱ ነው። ለዚህ ብቻ ስል ከዝርዝሬ አወጣሁት።

ኳሷ ደግሞ ባለ 6 ኢንች ቀዳዳ ውስጥ ቦታ ትይዛለች። ክሩ ይጠመጠምባታል፤ ዓሣ ሲወጣ መጀመሪያ እሷን ማንሳት ግድ ነው። በማሞቂያ ድንኳን ውስጥ ለሚቀመጥና በበጋም ለሚያጠምድ ሰው ግን ከልቤ እመክራታለሁ።

ጋሼ ቤት

ሜዲሲን ሌክ ላይ፣ በረዶው ከወፈረ ወዲህ፣ አንድ የማከብራቸው ሰው ትንሽ ቤታቸውን ተክለዋል። ሐዋሳ ነው ያደጉት፤ በልጅነታቸው ቆሮሶ ያጠምዱ ነበር። ፍላሸራቸውን እንዳይ ጋበዙኝ።

ፍላሸር ማለት ክብ ሰሌዳ ያለው የቆየ ዓይነት ማሽን ነው። ሥዕል አይስልም። ክቡ ላይ ቀለም ያለው መስመር ያበራል፤ ዜሮ በረዶው ነው፣ ታች ያለው ወፍራም ቀይ ወለሉ ነው፣ በመሐል የሚበራው ሁሉ ውኃው ውስጥ ያለ ነገር ነው። ደካማ ምላሽ አረንጓዴ፣ መካከለኛው ብርቱካናማ፣ ጠንካራው ቀይ። በዚህ ዕቃ ስማቸው ከሚነሳው አንዱ ቬክሲላር እዚሁ የሚኒሶታ ድርጅት ነው፤ ለዚህም ይሆናል እዚህ በየቤቱ አሮጌ ፍላሸር የማይጠፋው።

"ቀይዋን ተዋት፤ አረንጓዴዋን እያት" አሉኝ። "ያንተ መንጠቆ እሷ ናት።"

ዘንጉን ጫፉን ብቻ ከፍ አደረግኩ። አረንጓዴዋ አብራ ከፍ አለች። መዘግየት የሚባል የለም። እጄና መብራቱ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት።

"ሐዋሳ ላይ ምንም አላየሁም እኮ ጋሼ፤ እንዴት ነበር የሚያውቁት?"

"ክሩን በጣቴ ነዋ የማዳምጠው። እዚህ በጓንት ምኑን ትሰማዋለህ?"

ከወለሉ ላይ አንዲት ብርቱካናማ መስመር ተነሳች። ወደ አረንጓዴዋ እየቀረበች መጣች፤ እየቀረበች ስትመጣ ወደ ቀይ ተለወጠች፤ ወደ ድምፁ መሐል እየገባች ነው ማለት ነው። ጋሼ እጄን በእጃቸው ያዙና ጂጉን አንድ መዳፍ ያህል ወደ ላይ አስነሱኝ። መስመሯ ተከተለች። ቆመች። ሁለቱ መስመሮች አንድ ሆኑ፤ የዘንጉ ጫፍም ጎንበስ አለ። ክራፒ ነበረ።

እስከ ዛሬ ፊሽ ፋይንደር የሚያስፈልገው ዓሣው የት እንዳለ ለማወቅ ይመስለኛል የሚል ሰው ካለ፣ አንድ ሰዓት እዚህ ይቀመጥ። ዋናው ጥቅሙ ዓሣው ለምታደርጉት ነገር የሚሰጠውን መልስ ማየት ነው። ጂጉን ስታንቀጠቅጡት ከሸሸ፣ ዝም አሰኙት። ዝም ስትሉት ከተሰላቸ፣ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ክራፒ ወደ ላይ እያየ የሚበላ ዓሣ ስለሆነ መንጠቆው ምንጊዜም ከእሱ ከፍ ብሎ መሆን አለበት፤ ከበታቹ ካለፈ አያየውም። ይህን ሁሉ ያለ መሣሪያ በደመ ነፍስ ነው የምታደርጉት።

ችግሩ ዋጋው ነው። አዲስ ፍላሸር ከነባትሪው ከበጀቴ በላይ ነው። ያገለገለ ፈልጌ ነበር፤ በዚህ ወቅት ሁሉም ስለሚፈልገው ዋጋው አይወርድም።

ግዢ

መፍትሔው መሐል ላይ ተገኘ። ለጀልባ የሚሠሩ ትንንሽ ባለ ስክሪን ማሽኖች አንዳንዶቹ የፍላሸር ገጽ አላቸው። ጋርሚን ስትራይከር 4 አንዱ ነው። ስክሪኑ 3 ኢንች ተኩል ነው፤ ትንሽ ነው፣ ግን ባልዲ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይበቃል። ጂፒኤስ አለው፤ ካርታ የለውም፣ ቦታ ግን ምልክት ያደርጋል። ድምፁን በ77 ወይም በ200 ኪሎኸርዝ መላክ ይችላል፤ 200ው ጠባብ ነው፣ የምፈልገውም እሱን ነው። ለበረዶ ተብሎ ቦርሳና ባትሪ ያለው እሽግ ይሸጣል፤ ግን ዋጋው ይጨምራል። ጀልባውን የሸጠ አንድ ሰው ማሽኑን ብቻ በ90 ዶላር ሊሸጥልኝ ተስማማን።

ያገለገለ ስትገዙ ትኩረታችሁ ስክሪኑ ላይ እንዳይሆን። የሚበላሸው ትራንስዱሰሩ ነው። ፊቱን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ስንጥቅ የለውም። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ አሳለፍኩት፤ የተቆረጠና በቴፕ የተጠገነ ቦታ የለም። ከዚያ መኪናው ባትሪ ላይ አብርተን ትራንስዱሰሩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ቲክ ቲክ ቲክ ይላል፤ የእጅ ሰዓት የሚመስል፣ ግን ፈጠን ያለ። ያ ድምፅ ካለ ቢያንስ እየላከ ነው። ከሌለ ብሩን ኪሳችሁ መልሱ።

ባልዲው፣ ባትሪውና ክንዱ

ባትሪ ላይ ብዙ አሰብኩ። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር አወር የእርሳስ ባትሪ ርካሽ ነው፤ ግን ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ብርድም አቅሙን ይቀንሰዋል። ስሌዱን የምጎትተው እኔ ስለሆንኩ ክብደት ይሰማኛል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚሉት በተመሳሳይ አቅም ከግማሹ በታች ይመዝናል። 40 ዶላር አወጣሁበት። ማሽኑ በሰዓት ሩብ አምፒር አወር እንኳ አይጨርስም፤ ስለዚህ ብርዱ ግማሹን ቢበላው እንኳ ሙሉ ቀን ይተርፈኛል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ይህ ዓይነቱ ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ ይጎዳል። ከሐይቅ እንደተመለሳችሁ ወዲያው አትሰኩት። ቤት ውስጥ ይሙቅ፣ ከዚያ ይሰካ። ቻርጀሩም ለዚሁ ዓይነት ባትሪ የተሠራ ይሁን።

ቀዩን ሽቦ ላይ ባለ 3 አምፒር ፊውዝ አስገባሁ። ባትሪው በባልዲው ውስጥ በስፖንጅ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ማሽኑን በባልዲው ክዳን ላይ በሁለት ብሎን አሰርኩት።

አሁን ዋናው ሥራ። የጀልባ ትራንስዱሰር በሽቦው ብቻ ብታንጠለጥሉት ይጋደላል፤ ሽቦው የሚወጣው በጎኑ ስለሆነ። ትንሽ ከተጋደለ ድምፁ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ጂጉ ጥቂት ጫማ ላይ ይታይና ከዚያ ይጠፋል። የበረዶ ትራንስዱሰሮች ሽቦአቸው በአናታቸው መሐል የሚወጣውና ተንሳፋፊ ስፖንጅ የሚደረግላቸው ለዚህ ነው። የእኔ እንዲህ ስላልሆነ ቀጥ የሚያደርገው ክንድ ያስፈልገዋል።

ቤት ውስጥ የተረፈ የፒቪሲ ቱቦ ነበረኝ፤ ውፍረቱ ሦስት ሩብ ኢንች፣ ቁመቱ 2 ጫማ። ታችኛው ጫፉን ሰንጥቄ የትራንስዱሰሩን መያዣ በብሎንና በዳዶ አሰርኩበት። ሽቦውን በቱቦው ውጪ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይዤ ወደ ላይ አወጣሁት። ከዚያ በቀዳዳው ላይ አግድም የሚተኛ፣ ሁለት ጫማ የሚሆን እንጨት ወሰድኩ፤ በአንደኛው ጫፉ አካባቢ ቱቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ በሳሁ። ቱቦው እንዳይንሸራተት ከእንጨቱ በላይ ፋሸታ አሰርኩበት። ፋሸታውን በካቻቢቴ ላላ ሳደርገው ቱቦው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሳጠብቀው ይቆማል።

ከፍና ዝቅ ማለቱ ለምንድነው? ትራንስዱሰሩ ከበረዶው የታችኛው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ማለት አለበት። ቀዳዳው ውስጥ ከቀረ የቀዳዳው ግድግዳ ድምፁን ይመልስበታል። በረዶው ደግሞ በየሳምንቱ ይወፍራል። ስለዚህ ቱቦው ላይ በየ2 ኢንቹ በማይጠፋ ቀለም መስመር አሰመርኩ፤ የበረዶውን ውፍረት ለክቼ እዚያ ላይ ማጥበቅ ነው።

በመጨረሻ ውኃ ልክ። እንጨቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ፣ ትራንስዱሰሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ትንሿን ውኃ ልክ ፊቱ ላይ ከሥር አስጠጋሁና ያዝኩ። አረፋዋ ከመሐል ወጣ ብላለች። የመያዣውን ብሎን ላላ፣ በጣት ትንሽ ገፋ፣ እንደገና ጠበቅ። አረፋዋ በሁለቱ መስመር መሐል እስክትገባ እንዲሁ ቀጠልኩ። ወደ ሌላው ጎን አዙሬም ለካሁ። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይሄ ብቻ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚሰምረው ይህ ልክ ሲሆን ነው።

የገና ሰሞን

ከገና ማግስት ፌለን ላይ አወጣሁት። ቅንብሩን ለሚፈልግ ልጻፈው። የዓሣ ሥዕሉን አጠፋሁ። ድምፁን 200 ላይ አደረግኩ። ስክሪኑ የሚሮጥበትን ፍጥነት እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩ። በቀኝ በኩል ኤ ስኮፕ የሚሉትን አበራሁ፤ አሁን በዚህች ቅጽበት ያለውን ብቻ የሚያሳይ ጠባብ መስመር ነው። የሚሮጠው ሥዕል ያለፈውን ነው የሚያሳያችሁ፤ ዓይናችሁ መሆን ያለበት ኤ ስኮፑ ላይ ወይም የፍላሸሩ ገጽ ላይ ነው።

ከዚያ ጌይኑ፣ ማለትም የመስማት ኃይሉ። ጂጉን ወለሉ ጋ አድርሼ፣ ከዝቅተኛው ጀምሬ ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቀጭን ክር መጣ። እዚያው ላይ አቆምኩ። ከዚያ በላይ ከጨመራችሁ ውኃው ሁሉ በነጠብጣብ ይሞላል፤ ጂጉ እንደ ዓሣ ይወፍራል፣ ሁለቱን መለየት ያቅታል።

በ19 ጫማ ላይ ክብደቱ እንደ ጥራጥሬ የሆነ የተንግስተን ጂግ ከላይ እስከ ታች ታየኝ። ሳነሳው ይነሳል። እንደ ጋሼ ፍላሸር እጅና መብራት አንድ ላይ አይሄዱም፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ይዘገያል። በግማሽ ዋጋ ይህን ማግኘቴ ለእኔ ከበቂ በላይ ነው።

የጥምቀት ሰሞን

ብርዱ በርትቷል። ጠዋት ከዜሮ በታች 24 ሴንቲግሬድ ነበር። እንዲህ ባለ ብርድ ባለ ፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን ሁሉ ይንቀራፈፋል። ክዳኑ ላይ ከስፖንጅ የተቆረጠ ሦስት ጎን ያለው ከለላ ሠራሁለት፤ ንፋሱን ከለከለ፣ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ስትመታም ጥላ ሆነ። ማሽኑን ጠዋት እቤት አብርቼ ሞቆ እንዲወጣ አደርጋለሁ፤ ሐይቁ ላይም እስክጨርስ አላጠፋውም።

ዛሬ የተማርነው ትልቅ ነገር ሳይበሱ ማየት ነው። ስኖውን በእግሬ ጠረግኩ። ጥርት ያለው በረዶ ላይ ከቴርሞስ ትንሽ ውኃ አፈሰስኩ፤ ትራንስዱሰሩን ከክንዱ ፈትቼ ውኃው ላይ ጥፍጥፍ አድርጌ ያዝኩት። በመሐል አየር ከሌለ ድምፁ በረዶውን አልፎ ይገባል። 11 ጫማ አለ። ጥቂት እርምጃ ሄጄ ደገምኩ፤ 16። ከዚያ 22። ተዳፋቱን አገኘሁት ማለት ነው። በእጅ ለሚበሳ ሰው ይህ ወርቅ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ላብ ነው፤ በዚህ ብርድ ላብ ደግሞ ልብሳችሁን አርጥቦ ሰውነታችሁን ያቀዘቅዘዋል። ነጭና አረፋ የበዛበት በረዶ ላይ ግን አይሠራም፤ እዚያ መብሳት ግድ ነው።

34 ጫማ ላይ ስክሪኑ ሞላ። ከወለሉ ስድስት ጫማ ያህል ከፍ ብሎ ወፍራም ደመና። በክረምት ከታች ያለው ውኃ ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል፤ በረዶው ሥር ያለው ዜሮ አካባቢ ነው። ክራፒ ወደ ጥልቁ የሚሰበሰበው አንድም ለዚህ ነው። አብሮኝ የነበረው ሌላ ጓደኛዬ መሰርሰሪያውን አነሳ።

"እዚህ እንብሳ! ይሄ ሁሉ ዓሣ!"

"ቆይ" አልኩት። ከ30 ጫማ በላይ ጥልቀት የወጣ ክራፒ ውስጡ ያለው የአየር ከረጢት በግፊቱ መቀነስ ይለጠጣል። ዓይኑ ይወጣል፣ ሆዱ ይነፋል። መልሳችሁ ብትለቁትም ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ትንሹን እየመለስኩ ትልቁን እመርጣለሁ ማለት እዚያ ላይ አይሠራም። የምትበሉትን ብቻ አውጥታችሁ፣ መጠኑን ሳትመርጡ፣ ማቆም ነው ያለው። ማሽኑ ጥልቀቱን በቁጥር እያሳየኝ አላወቅኩም ልል አልችልም። ወደ 22ቱ ተመለስን። ዓሣው ያነሰ ነበር፤ ግን ትንንሾቹን ስንለቃቸው ጭራቸውን መትተው ወረዱ። ስክሪኑ ላይ መስመራቸው ወደ ታች ሲሄድ ታየኝ።

ለአዲስ ሰው፦ ከ16 ዓመት ጀምሮ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። በበረዶ ላይ ሁለት ዘንግ ይፈቀዳል፤ በተናጠል ሐይቆች ላይ የተለየ ገደብ ሊኖር ስለሚችል የዲኤንአር ገጽ ላይ የሐይቁን ስም ፈልጉ። የብዙዎቹ የጥልቀት ካርታም እዚያው በነፃ አለ። ከቤት ሳትወጡ ተዳፋቱን ማየት ትችላላችሁ።

ሂሳብ እና የቀረ ሥራ

ማሽን 90። ባትሪ 40። ቻርጀር 18። ፊውዝ፣ ሽቦ፣ ፋሸታና ብሎን 14። ቱቦና እንጨት ከቤት። 162 ዶላር ሆነ።

በጥምቀት ሰሞን አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ለራሱ ተመሳሳይ ሊሠራ አስቧል። እሱ ግን በበጋ ከዳር ማጥመድ ስለሚወድ፣ በማሞቂያ ድንኳንም ስለሚቀመጥ፣ በስልክ የምትሠራዋ ኳስ ትሻልሃለች አልኩት። ፐርችና ክራፒ ብቻ ለሚያጠምድ፣ ክረምቱን በሙሉ ለሚወጣና ትንሽ ማጠራቀም ለሚችል ሰው ደግሞ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ፣ ማርችና ኤፕሪል ላይ፣ ያገለገለ ፍላሸር ይፈልግ። ያኔ ነው ሰው ዕቃውን የሚያወጣው።

የእኔ ክንድ አንድ ነገር ይቀረዋል። በረዶው 18 ኢንች ደርሷል፤ ቱቦው መጨረሻው መስመር ላይ ሊደርስ ነው። ቅዳሜ ባለ 4 ጫማ ቱቦ ገዝቼ መስመሩን እንደገና አሰምራለሁ፤ ውኃ ልኩንም እንደገና።